የዳሎታ አርባ ኪሶች

ዳሎታ ውስጥ ሰው አይቆጠርም። ከብት ይቆጠራል፣ የማሽላ ነዶ ይቆጠራል፤ ሰውን በጣት እየጠቆሙ አንድ ሁለት ማለት ግን መጥፎ ነገር መጥራት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ መስጊዱን የሠሩት ሰዎች ቆጠራውን ለድንጋይ ሰጡት።

ጁምዓ፣ የዓርቡ የጋራ ሰላት፣ ቆሞ እንዲሰገድ አርባ ወንድ ያስፈልጋል። እንግዳ ያልሆነ፣ እዚያው አገር ቤት ያለው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ። የዳሎታ ሸኾች ይህን ሕግ ከእነሱ በፊት ከነበሩት ሸኾች ተቀብለው ሳያጎድሉ ሳይጨምሩ ይዘውታል። በመስጊዱ በር ግራና ቀኝ፣ በድንጋዩ ግንብ ላይ፣ አርባ ትንንሽ ኪሶች ተፈልፍለዋል። እያንዳንዱ ኪስ የአንድ ጥንድ ሸበጥ ልክ ነው። ዓርብ ቀን የመጣ ሰው ሸበጡን ያወልቅና ከኪሱ ይከታል። ኪሶቹ ሲሞሉ ሙአዚኑ ሁለተኛውን አዛን ይላል፣ ኢማሙም ኹጥባውን ሊያሰማ ሚንበሩ ላይ ይወጣል። በዚህ መሃል ማንም ማንንም አልቆጠረም።

መንደሯ ከሮቢት በላይ፣ ቆላው ወደ ጣርማ በር ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ወገብ ላይ ተቀምጣለች። ቤቶቿ ድንጋይ፣ ጣራዎቿ አፈር ናቸው። ስለ ዕድሜዋ የሚነገረው ወሬ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ በወላስማ ሱልጣኖች ዘመን ተቆረቆረች ይላል፤ ሌላው፣ ወላስማዎቹ ሲመጡ እኛ እዚሁ ተቀምጠን ነበር ይላል። እርግጠኛው ነገር ከመንደሩ በላይ ያለው መቃብር ከመንደሩ መስፋቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲናደዱ ብቻ ከአፋቸው የሚያመልጥ የአርጎብኛ ስድብ አለ፤ ልጆቻቸው ትርጉሙን አያውቁትም፣ ግን ይፈሩታል። በድሮው ጊዜ ከታች ያለው የጀውሃ ሰው ሳይቀር ለጁምዓ ወደ ዳሎታ ይወጣ ነበር። የደጋው ክርስቲያኖች በራሳቸው አነጋገር «አጥቢያ» ይሏታል፤ ዳሎታዎች «የጁምዓ አገር ነን» ይላሉ። የጁምዓ አገር ኢማም አለው፣ ሙግት ወደ እሱ ይመጣል፣ ኒካህ እሱ ዘንድ ይታሰራል። ጁምዓ የሌለው መንደር የሌላው ጭራ ነው።

ሐምዲያ ለዚህ ሁሉ እምብዛም ደንታ አልነበራትም። እሷ የተወለደችው ከታች ከሜዳው፣ ጀውሃ አጠገብ ካለችው ከጨፌ ነው። ጨፌ ጁምዓ ኖሯት አያውቅም። ሰዎቿ ዓርብ ጀውሃ ሄደው ይሰግዳሉ፣ በዚያው ጨውና በርበሬ ገዝተው ይመለሳሉ፤ በዚህ ምክንያት ከነሱ መሃል ያዘነ ሰው አይታ አታውቅም። የዳሎታ ሰው የሆነችው የኢማሙን የሸኽ አብዱልወሃብን ልጅ ሳልህን አግብታ ነው። ለመስጊዱ የዉዱእ መታጠቢያ ውሃ ከምንጩ መቅዳትና ግቢውን መጥረግ የኢማሙ ቤት ሴቶች ሥራ ስለሆነ፣ የሳልህ እናት ከሞቱ ጀምሮ ሥራው በእሷ ጫንቃ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ሌላው የማያየውን ታያለች።

መጀመሪያ ያየችው የሸበጦቹን መለያየት ነው። ጣልያን ከገባ ወዲህ ኪሶቹ መሙላት አቃታቸው። ከወንዱ ከፊሉ በጦርነቱ ሞተ፣ ከፊሉ ጫካ ገባ፣ ከፊሉ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ተወሰደ። አንድ ዓርብ ሙአዚኑ ባዶዎቹን ኪሶች እያየ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆመ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሷሊሕ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ አሉና ወደ ኪሳቸው ሄዱ። ከሁለቱ ሸበጦች አንዱን አውጥተው በአጠገቡ ባለው ባዶ ኪስ ከተቱት። ተመልሰው ቁጭ አሉ። ጎረቤታቸው ይህን አየና እንደሳቸው አደረገ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ኪሶቹ ሞሉ። ሙአዚኑም ጉሮሮውን ጠረገና አዛን አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዳሎታ ጁምዓ የቆመው በአንድ እግር ነው። ይህን ጉዳይ ቤቱ ገብቶም ቢሆን ያነሳ ሰው የለም። ሸኽ አብዱልወሃብም አላነሱትም። የእሳቸው ሸበጦች ብቻ እንደ ድሮው ጥንድ ሆነው ባንድ ኪስ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ሐምዲያ ያየችው ነገር ይህ ነው። ጁምዓው ተሰግዶ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ እሷ ባዶ እንስራዎቿን ልትወስድ ስትመጣ፣ ሸኽ አብዱልወሃብ ብቻቸውን ቆመው እንደገና ይሰግዳሉ። አራት ረከዓ፣ እንደ ሌላው ቀን የቀትር ሰላት። ሳልህን ጠየቀችው። ሰው ፊት «አንቱ» የምትለውን ባሏን ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ» ትለዋለች።

«አባትህ ከጁምዓ በኋላ የሚሰግዱት ምንድን ነው?»

«ዙህር ነው። ጁምዓው ምናልባት ሳይያዝ ቀርቶ እንደሆነ ብለው።»

«ካልተያዘ የሁላችሁም አልተያዘም ማለት አይደል?»

«ዝም በይ» አላት ሳልህ።

በዚህ መሃል የጣልያኖቹ ቱርጁማን፣ አስተርጓሚያቸው፣ ሮቢት ገበያ ላይ አዋጅ ነገረ። ገብረሚካኤል ይባላል፤ ከባሕር አገር ከጣልያኖቹ ጋር የመጣ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው። መንግሥት እስላሞችን ይወዳል አለ። የራሱ ጁምዓ ያለው አገር ሁሉ የራሱ ሹም ይኖረዋል፣ ለመስጊዱም የጣራ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። ጁምዓ የሌለው ግን ባለ ጁምዓው ሥር ይጠቃለላል። የጣልያኖቹ ካፒቴን ዓርብ ዓርብ እየዞረ በዓይኑ ያያል፤ ከዘጠና ምናምን ሰበብ አንድም አይሰማም።

የዳሎታ ሽማግሌዎች መስጊዱ በረንዳ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ጣራው በክረምት ስለሚያፈስ የቆርቆሮው ነገር ሁሉንም አጓጉቷል። ካፒቴኑ ደግሞ ከጥንዳቸው የተለዩትን ሸበጦች ቢያይ መሳቂያ እንደሚሆኑ ያውቃሉ። ይህን ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር ስለጠፋ ምክሩ ስለ ቆርቆሮው ምስማር ሆኖ ቀረ። ሸኽ አብዱልወሃብ መጨረሻ ላይ፣ «እንዳለን እንታያለን» ብለው ተነሱ።

ሐምዲያ ከግንቡ ጀርባ ውሃ እየገለበጠች ሁሉንም ሰምታለች። የወንዶቹ መሽኮርመም አቃጠላት። ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር የራሰውን ምንጣፍ አውጥታ የምታሰጣው እሷ ናት። በማግስቱ ጨፌ ወረደች።

ወንድሟ ሁሴን ግመል ሲያጠጣ አገኘችው። ሁሴን ቀልድ ሳይጨምር መናገር የማይችል ሰው ነው።

«ለዓርብ ሰው አበድረኝ» አለችው።

«ምን ያህል ሰው?»

«የቻልከውን ያህል። ዳሎታ መጥተው ሰግደው ይመለሳሉ።»

«እኛን ከዚህ ሽቅብ ልታስወጪን! አማትሽ ኹጥባ ሲያረዝሙ አይደል እንዴ አንዱ ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዶት የዐስር ሰላት የደረሰበት?»

«ሁሴን፣ ቀልዱን ተው። ደግሞ ሸበጥ ያደረገ ይሁን። ባዶ እግሩን የመጣ አይቆጠርልኝም።»

«የጨፌ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ሸበጥ የሚያደርገው?»

«ከጀውሃ ተዋሱ።»

ሁሴን ግመሉን ትቶ አያት። «አንቺ ልጅ፣ ሰውን ከኔ፣ ጫማውን ከጀውሃ፣ ቆርቆሮውን ከጣልያን። ከዳሎታ የሚዋጣው ምንድን ነው?»

«ኪሱ» አለች ሐምዲያ።

ዓርብ ዕለት ካፒቴኑ በበቅሎ መጣ። ቀይ ፊቱን ላብ አጥቦታል። ጨፌዎቹ ቀደም ብለው ደርሰው ስለነበር ኪሶቹ በሙሉ ጥንድ በጥንድ ሞልተዋል፤ የተረፈው ሸበጥ በሁለት ረድፍ በረንዳው ላይ ተዘርግቷል። ሐምዲያ ዳሎታ ከመጣች ወዲህ መሬት ላይ የተቀመጠ ሸበጥ አይታ አታውቅም። ሽማግሌው ሷሊሕም የራሳቸውን ጥንድ እንደ ድሮው ባንድ ኪስ ከተዋል። ሸኽ አብዱልወሃብ ከበሩ ላይ ትንሽ ቆሙና ረድፉን አዩ። ከዚያ ገብተው ያን ቀን ያደረጉት ኹጥባ ከወትሮው ረዘመ።

ገብረሚካኤል ግን ወደ ውስጥ አልገባም። በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሸበጥ እየቆጠረ መሆኑን ሐምዲያ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ሰላቱ እንዳለቀ ካፒቴኑ ከሸኹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ግንቡንም በእጁ ዳሰሰ፣ ረጅም ነገር ተናገረ። ገብረሚካኤል አሳጥሮ ተረጎመው።

«ካፒቴኑ ደስ ብሎታል። እንዲህ ያለ ጥንታዊ አገር አላየሁም ይላል። ቆርቆሮው ይመጣል። ዳሎታ ትልቅ አገር ስለሆነች ደግሞ እርዳታዋም ትልቅ ይሁን ብሏል። ለጣርማ በር የመንገድ ዋሻ ሥራ ከየሁለቱ ጥንድ ሸበጥ አንድ ሰው ትሰጣላችሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ከሰላት በኋላ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

ጨፌዎቹ ሸበጣቸውን አጠለቁና ቁልቁለቱን ወረዱ። ከየሁለቱ ጥንድ አንድ ሰው ማለት እንግዲህ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ዳሎታ የቀሯት ወንዶች በሙሉ ማለት ነበር።

ጣርማ በር ምን እንደሆነ ለሳልህ ቤት ማስረዳት አያስፈልግም። የሳልህ ታላቅ ወንድም አብዱረሂም ባለፈው ዓመት ለዚያው ዋሻ ተወስዶ ነበር። የቆላ ሰው ነው፤ በጉሙና በብርዱ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥ ሳል ያዘው፣ ሳሉም ሳይለቀው ቀረ። ወደ ዳሎታ የተመለሰው ጋቢው ብቻ ነው። እዚያው የት እንደተቀበረ የነገራቸው የለም።

«ሄጄ እመጣለሁ» አለ ሳልህ ያን ቀን ማታ እራት ላይ። «ክረምት ሲገባ ይለቁናል።»

«ወንድምህም ይህንኑ ብሎ ነው የሄደ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ብንሸሽ ቤቱን ያቃጥሉታል። እንግዶች ነበሩ ብንል፣ ቱርጁማኑ በእጁ ቆጥሯል፤ ካፒቴኑን ዋሻችሁት ተብለን እንገረፋለን፣ ከዚያም እንሄዳለን።»

«ማሽላውስ?»

ማሽላው እሸት ሆኗል። ከማማው ላይ በወንጭፍ የሚጠብቀው ሰው ከጠፋ ወፉ በሳምንት ይጨርሰዋል። ሐምዲያ ሌላም ነገር አሰበች፤ ይህን ሁሉ በገዛ እጇ ማምጣቷን። ስታስበው ግን አላለቀሰችም። ያበላሸችውን የምትጠግንበት ቀዳዳ ፈለገች፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላም አገኘችው።

ሸኽ አብዱልወሃብ መስጊዱ በረንዳ ላይ፣ ከኪሶቹ ሥር፣ ሙሰበሓቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ተቀምጠዋል። ሐምዲያ እንስራዋን አወረደች።

«አባ ሸኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ጁምዓ የሰገደ ሰው ዙህር አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ አንቱ ሰው ከወጣ በኋላ ለምን ይሰግዳሉ?»

ሙሰበሓው ቆመ። «አይተሻል?»

«እንስራ ልወስድ ስመጣ።»

ሸኹ ወደ ግንቡ ሳያዩ ተናገሩ። «በግማሽ ጥንድ የሞላን ኪስ አላህ እንዴት እንደሚያየው አላውቅም። ስለማላውቅ እሰግዳለሁ።»

«ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡ እኔን አምኖ ነው የሚመጣው።»

ሐምዲያ እንስራውን ትታ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለች። «ያለፈውን ዓርብ ጨፌዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ወንድምሽ ሁሴን ሲያዛጋ ከሚንበሩ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መንገደኛ ኪስ እንደማይሞላ አንቺ ባታውቂው እኔ አውቀዋለሁ። መናገር ነበረብኝ።» ሸኹ ጣታቸውን በሙሰበሓው ላይ አሻሹ። «ግን በረንዳው ላይ የተዘረጋ ሸበጥ ካየሁ ዘመን የለኝም። አንድ ዓርብ ልየው አልኩ።»

«እሱን ማየትዎ ሳልህን ጣርማ በር ሊያስወስደው ነው። የቀረ ልጅዎ እሱ ነው።»

«አንቺ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ነገ እንደ ሕጉ ያድርጉት። ጥንዱ ከጥንዱ ጋር ይግባ። ኪሱ ካልሞላ ጁምዓ የለም፤ ጁምዓ ከሌለን ደግሞ አገር አይደለንም፣ ጀውሃ ሥር እንጠቃለላለን። መጠቃለሉን ቱርጁማኑ እራሱ ገበያ ላይ ነግሮናል፤ ያኔ ሠራተኛው ከኛ ብቻ አይጠየቅም።»

«ምን እያልሽ እንደሆነ ይገባሻል?» አሉ ሸኹ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ዳሎታ ጁምዓ ያላቆመችበት ዓርብ የለም። በፈንጣጣው ዘመን እንኳን አልተቋረጠም። አባቴ፣ አያቴ፣ የአያቴ አባት ከዚያ ላይ ተኝተዋል። ምን ልላቸው ነው?»

«እነሱን ጣርማ በር የሚወስዳቸው የለም።»

ይህን ካለች በኋላ ነገሩ ድፍረት መሆኑ ታወቃት፤ ግን አልመለሰችውም። ሸኹም አልተቆጡም። ቁልቁል ወደ ሜዳው፣ የማሽላው ማማዎች ወደሚታዩበት ሲያዩ ቆዩ።

«አብዱረሂምን ሲሞት ማን እንዳጠበው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉና ሙሰበሓቸውን ቀጠሉ።

ሐምዲያ ውሃውን ገልብጣ፣ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

በማግስቱ ገብረሚካኤል ከሁለት አስካሪ ወታደሮች ጋር ማልዶ መጣና ከበረንዳው ጥላ ሥር ተቀመጠ። የዳሎታ ወንዶች ለሰላት ሲመጡ ግማሾቹ ለመንገዱ ስንቃቸውን ቋጥረው ነበር። ሐምዲያ በግቢው ጥግ ከእንስራዎቿ አጠገብ ቆመች። ሸኽ አብዱልወሃብ እንደ ልማዳቸው ውስጥ ሆነው አልጠበቁም። ከበሩ ላይ ቆሙ።

ሽማግሌው ሷሊሕ ሸበጣቸውን አወለቁ። አንዱን በኪሳቸው፣ ሌላውን በሚቀጥለው ኪስ ከተቱ። ሸኹ ራመድ አሉና ሁለተኛውን ሸበጥ አውጥተው ከጥንዱ ጋር መለሱት።

«ሸኽ…» አሉ ሷሊሕ።

«ግባ፣ ሷሊሕ።»

ቀጣዩ ሰው መጣ፤ እሱም ለየ፤ ሸኹ አገናኙ። ሳልህ ግን አባቱን አየና ሁለቱንም ባንድ ላይ ከተታቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ያለ ነጋሪ ገባቸው። የመጨረሻው ሰው ሲገባ በግንቡ ላይ ከኪሶቹ ብዙዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ሙአዚኑ አንዴ ኪሶቹን፣ አንዴ ሸኹን ያያል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ገብረሚካኤል ከመቀመጫው።

«አርባ አልሞላንም» አሉ ሸኹ። «በእኛ ሕግ ከአርባ በታች ጁምዓ አይቆምም።»

«ባለፈው ዓርብ ሞልቶ ፈሶ አልነበረም እንዴ?»

«ባለፈው ዓርብ እንግዶች ነበሩብን። መንገደኛ አይቆጠርም።»

ገብረሚካኤል ብድግ አለ። «እኔ እኮ ቆጥሬያለሁ!»

«አንተ የቆጠርከው ሸበጥ ነው።»

አስካሪዎቹ አልሰሙ እንደሆነ ዞር ብሎ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸኽ፣ ለካፒቴኑ ትልቅ አገር ናት ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበለው? እኔን ምን እንደሚያደርገኝ ያውቃሉ?»

«እኔም ገብቼ ለአገሬ ሰው ተሳስቻለሁ ልል ነው» አሉ ሸኹ። «አንተ ለአንድ ሰው ነው የምትናገረው። ያንተ ይቀላል።»

ገብተውም ሚንበሩን አልፈው ከፊት ቆሙ። ሐምዲያ በበሩ ክፍተት ጀርባቸውን ታያለች።

«ሰዎች» አሉ፤ «ዓርብ ዓርብ የሰገድነው ተቀባይነቱን አላህ ያውቃል። እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥያቄውም ከእኔ ላይ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ዳሎታ ጁምዓ የለም። የሚሻ ጀውሃ ይውረድ። አሁን ዙህር እንሰግዳለን።»

ከሰዉ መካከል አንድ የአርጎብኛ ቃል ተሰማ። ሷሊሕ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ተሰለፈ፣ አራቱም ረከዓ በዝምታ ተሰገደ። ገብረሚካኤል በረንዳው ላይ ሆኖ ሸበጦቹን እንደገና ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ማንንም ሳይወስድ፣ አስካሪዎቹን በአገጩ ጠቁሞ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ለካፒቴኑ ምን ብሎ እንደነገረው አልታወቀም፤ ካፒቴኑ ግን ዳግመኛ ወደ ዳሎታ አልወጣም። ምናልባት ፎቶግራፉ በቅቶት ይሆናል።

ዳሎታ በዚህ ዓይነት ጀውሃ ሥር ሆነች። ቆርቆሮው ለጀውሃ መስጊድ ሄደ። የመንገዱ ሠራተኛ ደግሞ ከጀውሃና በሥሯ ካሉት መንደሮች ሁሉ በዕጣ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ከዳሎታ የደረሰው ለጥቂት ሰው ነው። ለሳልህ አልደረሰውም። ሳልህ ማማው ላይ ወጥቶ ወፍ ሲያባርር ከረመና ማሽላውን አስገባ።

ከጨፌ ዕጣው ለሁሴን ደረሰው። ሊሄድ ሲል እህቱን ሊሰናበት ወጣ። እግሩ ላይ የተዋሰው የጀውሃ ሸበጥ አለ።

«እስካሁን አልመለስክም?» አለችው ሐምዲያ።

«እንዴት ብዬ? ባለቤቱም ዕጣ ደርሶት ጣርማ በር ነው። ሄጄ እዚያው አስረክበዋለሁ።»

ሐምዲያ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳትስቅ ቀረች። ሁሴን አይቷታል።

«ምነው? ሰው አበድረኝ አልሽ፣ አበደርኩሽ። አሁን መመለሱ ነው የከበደሽ?»

«የኔ ጥፋት ነው።»

«ያንቺማ ነው። እኔም እስከዚያ ድረስ ሽቅብ ወጥቼ አዛግቼበታለሁ። አሁን ጋቢ ካለሽ ስጪኝ፤ ብርዱ የቀልድ አይደለም ይላሉ።»

ቤት ውስጥ የነበረው ትርፍ ጋቢ የአብዱረሂም ነው። ሸኽ አብዱልወሃብ ራሳቸው አውጥተው ሰጡት።

ሁሴን ክረምት ሲገባ ተመለሰ። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል፤ ጋቢው ግን ደህና ነበር። ስለ ዋሻው ሲጠይቁት፣ ከቆላ ወደ ደጋ ያለውን መንገድ ያሳጥራል ተብሎ ነበር፣ ለኔ ግን እጄን አሳጥሮብኛል እያለ ያስቃቸው ነበር። ሐምዲያ በየመኸሩ አንድ ቁና ማሽላ ትልክለታለች። ስለምን እንደምትልክ አትናገርም፣ እሱም አይጠይቃትም።

መንገዱ ሲያልቅ ከሄዱት ወንዶች ብዙዎቹ ወደ ዳሎታ ተመለሱ። ከጫካም አንዳንድ ሰው በጨለማ እየገባ ቤቱን ያይ ጀመር። ሸበጥ ቢሰበሰብ ኖሮ ኪሶቹ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። ጁምዓውን እናቁም ያሉ ነበሩ፤ ማሽላው ይግባና እናያለን ተባለ፤ ማሽላው ሲገባ ደግሞ ሰሊጡ ደረሰ። ዓርብ ጀውሃ መውረድም ተለምዷል። እዚያ ጨው አለ፣ ሳሙና አለ፣ በአዲሱ መንገድ የሚያልፍ ካሚዮን አለ፣ ወሬ አለ። ሳልህ ራሱ ለዓርብ ሸበጡን የሚወለውለው ከሐሙስ ጀምሮ ነው። ሐምዲያ ይህን ስታይ ከጨፌ ልማድ ምንም የተለየ ነገር አላገኘችበትም።

ሸኽ አብዱልወሃብ ግን ጉልበታቸው ቁልቁለቱን እምቢ ብሏል። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው መስጊዱ ይቀራሉ። ሐምዲያ የአንድ ሰው የዉዱእ ውሃ ትቀዳላቸዋለች። አንድ እንስራ ይበቃል።

በአንዱ ዓርብ ውሃውን አድርሳ እንደጨረሰች በረንዳውን ዞረች። ዶሮዎቹ በግንቡ ኪሶች ውስጥ እንቁላል መጣል ከተማሩ ቆይተዋል፤ ዝቅ ካሉት ኪሶች እንቁላል ሳትለቅም አትመለስም። ከውስጥ የሸኹ ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛውን አዛን ለራሳቸው ያህል ቀስ አድርገው ይላሉ። ጎንበስ ብላ እጇን ወደ መጀመሪያው ኪስ ስትሰድ ያገኘችው እንቁላል አይደለም። የሸኹ የቀኝ እግር ሸበጥ ነው፤ ብቻውን። ቀና ብላ የግራውን ፈለገች። ከበሩ ማዶ፣ በሌላው የግንብ ጫፍ፣ በመጨረሻው ኪስ ውስጥ ነበር።

ሸበጡን አንስታ ወደ ጥንዱ ልትወስደው ትንሽ ቆመች። ከዚያ ከነበረበት መልሳ ከተተችው። ከጎኑ ካለው ኪስ ሁለት እንቁላል አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ ባዶውን እንስራ አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።